ሌባው አንድ በአንድ ነው የሚልከው

የመጣው ጥያቄ ይሄ ነው፦

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ማምረቻ ድርጅት አይቲ ክፍል እሠራለሁ። 140 ገደማ የኢሜይል ተጠቃሚ አለን። ሰርቨሩ እዚሁ ኮምቦልቻ ነው፤ ፖስትፊክስ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ነው ያለበት። ደሴ ያለው ቢሯችንም በሱ ነው የሚጠቀመው። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ሠራተኛ አካውንት ሌሊቱን ሙሉ ስፓም (ያልተጠየቀ የጅምላ ደብዳቤ) ሲወጣ አደረ። አሁን ለደንበኞች የምንልከው ደብዳቤ እየተመለሰብን ነው። ሥራ አስኪያጁ “ማንም ሰው በአንዴ ከ10 ሰው በላይ እንዳይልክ አድርግ” አሉኝ። ዲፎልት ዴስቲኔሽን ሪሲፒየንት ሊሚት የሚለውን 10 አደረግኩት። ምንም ለውጥ የለም። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አይዞህ። የሚስተካከል ነገር ነው። የጠየቅከውን በአጭሩ እመልስና ወዳልጠየቅከው እገባለሁ። ያልጠየቅከው ይበልጣልና ታገሰኝ።

የነካኸው መስመር ስሙ ያታልላል። እሱ የሚመለከተው ሰርቨርህ ደብዳቤውን ወደ ውጭ ሲያስረክብ ነው። ዲፎልቱ፣ ማለትም ማንም ሳይነካው፣ 50 ነው። አንድ ደብዳቤ በአንድ መድረሻ ላይ 40 ተቀባይ አለው እንበል። አንተ 10 ካልከው ፖስትፊክስ በአራት ዙር ከፋፍሎ ያደርሰዋል። የሚቀር ሰው የለም። በአንድ ጋሪ ይሄድ የነበረውን እቃ በአራት ጋሪ ጫንከው እንጂ ከጭነቱ አልቀነስክም። ስለዚህ ወደ 50 መልሰው።

ከተጠቃሚው ሲቀበል የሚቆጥረው መስመር ሌላ ነው። ኤስኤምቲፒዲ ሪሲፒየንት ሊሚት ይባላል፤ ቃላቱ እንደተለመደው በታች ሰረዝ ይያያዛሉ። ዲፎልቱ 1000 ነው። ማለትም ሳትነካው ከተውከው አንድ ሠራተኛ አንድ ደብዳቤ ለ1000 ሰው መላክ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ስም አይደለም። ፖስታው ላይ የተጻፈውን ነው። የኢሜይል ፕሮግራም ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ «ይሄ ለእገሌ ነው፣ ለእገሊትም ነው» እያለ አድራሻዎቹን አንድ በአንድ ይጠራል። «ለ» ላይ ያለውም፣ «ግልባጭ» ላይ ያለውም፣ በስውር ግልባጭ የገባውም እኩል ይጠራሉ። ስለዚህ «በስውር ብልከው አይቆጠርም» የሚል ሠራተኛ ካለህ ተሳስቷል። በሌላ በኩል «ሁሉም ሠራተኛ» የሚል የጋራ አድራሻ ካለህ፣ ከጀርባው 140 ሰው ቢኖርም እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው። ሲጠራ አንድ ስም ነዋ። ሰርቨሩ የሚዘረዝረው ከተቀበለው በኋላ ነው።

ቁጥሩን የት እንደምታስገባው ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሜይን ሲኤፍ ፋይል ውስጥ ብታስገባው ሁሉንም በር ይነካል፤ ከውጭ ደብዳቤ የሚመጣበትን ፖርት 25ንም ጨምሮ። ሰርቨሮች ኢሜይል የሚቀባበሉበት ደንብ (ኤስኤምቲፒ) የሚመራበት ሰነድ አርኤፍሲ 5321 ደግሞ አንድ ሰርቨር ቢያንስ 100 ተቀባይ መቀበል አለበት ይላል። ስለዚህ ፖርት 25 ላይ ከ100 በታች አትውረድ። ገደብህን ሠራተኞችህ በፓስዎርድ በሚገቡባቸው በ587 እና በ465 ላይ ብቻ አድርግ። ማስተር ሲኤፍ የሚባለውን ፋይል ክፈት። ሰብሚሽን የሚለውን አገልግሎት ፈልግ። ከሥሩ በሰረዝ ኦ አንድ መስመር ጨምር፦ የመለኪያው ስም፣ እኩል ይሆናል፣ 50። ከእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አይግባ። ለ465ም ይኸንኑ ድገመው። ከዚያ ፖስትፊክስን ሪሎድ አድርገው።

አንድ ሠራተኛ 51ኛውን ሰው ሲጨምር ሰርቨሩ 452 ብሎ ይመልሳል፤ ተቀባይ በዛ ማለት ነው። በ4 የሚጀምር መልስ «ለጊዜው አይሆንም» የሚል ነው። ሰርቨር ለሰርቨር ሲሆን ላኪው ገብቶት የቀረውን በሌላ ዙር ይልካል። አውትሉክና ተንደርበርድ ግን ይሄን ትዕግሥት አያውቁም። ስህተት አሳይተው ይቆማሉ። ሠራተኛው ደግሞ ስልክ ያነሳል። ስለዚህ ገደቡን ከማብራትህ በፊት ለሰዎቹ ንገራቸው።

ሥራ አስኪያጁ ወዳሉት 10 ልምጣ። በአክብሮት ነው የምለው፣ 10 አይሆንም። የግዥ ክፍላችሁን አስበው። የዋጋ ማቅረቢያ ጥያቄ ለ15 አቅራቢ መላክ የየሳምንቱ ሥራ ነው። 10 ላይ ከቆረጥክባቸው ሁለት ቦታ ከፍለው ይልኩታል። ይሄ ቀላሉ ነው። ሲሰለቻቸው ግን በግል ጂሜይላቸው መላክ ይጀምራሉ። ያኔ የድርጅቱ ዋጋና ውል በማታየው መንገድ ይወጣል። ይሄንን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውን ሥራ የሚያስፈታ ገደብ ሁሌም በጓሮ ይዞራል።

ደግሞም 10ም ይሁን 50 ያንን ሌሊት የደረሰባችሁን ነገር አያስቆመውም። ለምን መሰለህ?

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር እይዝ ነበር። ለአንድ ደብዳቤ 20 ተቀባይ ብዬ ገድቤ ነበር። እንደ ትልቅ ነገር አድርጌው ተኝቻለሁ። ክረምት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ገና ሳይነጋ ስልኬ ጠራ። ባንክ የላክነው አልደረሰም ይላሉ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሸፍኖታል፤ መኪናው መብራቱን አብርቶ ነው የሚሄደው። ቢሮ ደርሼ ወረፋውን ለማየት ሜይልኪው ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ መውረድ ጀመረ። አይቆምም። ኮቴን ሳላወልቅ ቆሜ አየሁት። የላኪው ስም ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፤ የአንዲት የግዥ ሠራተኛ አካውንት።

ሎጉን፣ የሰርቨሩን የሥራ መዝገብ፣ ገለጥኩ። ፖስትፊክስ እያንዳንዱን ደብዳቤ ወረፋ ውስጥ ሲያስገባ ስንት ተቀባይ እንዳለው ይመዘግባል። ኤንአርሲፒቲ ብሎ ቁጥሩን ይጽፋል። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ወረድኩ። አንድ። አንድ። አንድ። አንድ። በየሴኮንዱ አንድ ደብዳቤ ለአንድ ሰው። እኔ የገደብኩትን 20 ሌባው ጨርሶ አልነካውም። እንዳለ እንኳ አላወቀም።

ልጅቱ ምን ሆና ነው? «የመልእክት ሳጥንዎ ሞልቷል፣ እዚህ ገብተው ያድሱ» የሚል ደብዳቤ ደርሷታል። የእኛን የመግቢያ ገጽ የሚመስል ገጽ ተከፈተላት። ፓስዎርዷን አስገባች። ስነግራት አለቀሰች። እሷ ላይ የሚፈረድ ነገር አልነበረም፤ ገጹ በደንብ የተሠራ ነበር። የጎደለው የእኔ ሥራ ነው። የምቆጥረውን ነገር አሳስቼ ነበር የምቆጥረው።

ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። በአንድ ደብዳቤ ላይ የሚደረግ ገደብ ስህተትን ይከላከላል። የደንበኞችን ዝርዝር በሙሉ «ለ» ላይ ለጥፎ የሚልክ ሠራተኛን ያስቆማል። ጥሩ ነው፤ ይኑርህ። ሌባን የሚያስቆመው ግን አንድ አካውንት በአንድ ሰዓት ውስጥ በድምሩ ለስንት ሰው ላከ የሚለው ቆጠራ ነው። በየሴኮንዱ አንድ የሚልክ ሌባ በሰዓት 3600 ያወጣል። ለአካውንቱ በሰዓት 100 ብለህ ብትገድብ 100 ላይ ይቆማል። 100 ስፓም ያሳፍራል፤ ግን ከብላክሊስት፣ ማለትም ደብዳቤያቸው እንዳይወሰድ ከተመዘገቡ ላኪዎች ዝርዝር፣ ላያደርስህ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ የወጣ 30 ሺህ ግን ያደርስሃል።

አንድ የቆየ ነገር ላንሳ። የመጀመሪያው የሚባለው ስፓም የተላከው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1978 ነው። ጌሪ ቱርክ የሚባል የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የገበያ ሰው የኮምፒውተር ማስታወቂያ ለ400 ገደማ የአርፓኔት (የኢንተርኔት ቀዳሚ ኔትወርክ) ተጠቃሚዎች በአንዴ ላከ። አድራሻዎቹ ከመጻፊያው ቦታ ተርፈው ደብዳቤው ሆድ ውስጥ እንደገቡ ይነገራል። ያኔ ስፓም ማለት አንድ ደብዳቤ ለብዙ ሰው ማለት ነበር። ለአንድ ደብዳቤ የሚደረገው ገደብም የሚያስቆመው እንዲህ ያለውን ነው። የዛሬው ሌባ ግን አሠራሩን ከቀየረ ቆይቷል።

አሁን «በሰዓት ስንት» የሚለውን እንዴት ትቆጥራለህ? ፖስትፊክስ ራሱ አንቪል የሚባል ቆጣሪ አለው። ኤስኤምቲፒዲ ክላየንት ሪሲፒየንት ሬት ሊሚት የሚል መስመር ታገኛለህ። ዲፎልቱ 0 ነው፤ ገደብ የለም ማለት ነው። የሚቆጥረው በ60 ሴኮንድ ነው። ስታየው «ይኸው ተገኘ» ትላለህ። ቆይ፣ አትቸኩል።

አንቪል የሚቆጥረው በአይፒ አድራሻ (ግንኙነቱ በመጣበት የኔትወርክ ቁጥር) ነው እንጂ በአካውንት አይደለም። ያንተን ሁኔታ አስበው። ደሴ ያለው ቢሮ በሙሉ ኮምቦልቻ የሚደርሰው በአንድ የውጭ አይፒ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምን ይሆናል? ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩን ያበራል። በየአውትሉኩ ተጠራቅሞ የነበረው ደብዳቤ በአንዴ የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል። አንቪል ይሄንን እንደ አንድ ሰው ነው የሚያየው። ይዘጋባቸዋል። ሌባው ደግሞ በተቃራኒው ከብዙ አይፒ ይመጣል። የተሰረቀ ፓስዎርድ በየሀገሩ በተበከሉ ኮምፒውተሮች እየተቀያየረ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ አይፒ ትንሽ ትንሽ ይልካል፤ አንቪል አያየውም። ንጹሑን ይዞ ሌባውን ያሳልፋል ማለት ነው። ሌላም አለ፦ ማይኔትወርክስ በሚባለው የታመኑ አይፒዎች ዝርዝር ውስጥ የጻፍካቸውን አንቪል በዲፎልት ጨርሶ አይቆጥራቸውም።

ስለዚህ በአካውንት የሚቆጥር ያስፈልግሃል። ፖስትፊክስ ለዚህ በሩን ክፍት ትቷል፤ የፖሊሲ አገልግሎት ይባላል። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ውጭ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ይጠይቃል። ማን ነው የገባው? ከየት ነው? ስንት ተቀባይ አለው? ፕሮግራሙ «ይለፍ» ወይም «ይቆይ» ይላል። ጥያቄው በተራ ጽሑፍ መስመር በመስመር ስለሚመጣ ፓይተን የሚችል ሰው ራሱ ሊጽፈው ይችላል። አንተ ግን ከባዶ አትጀምር። ፖስትኤፍደብሊውዲ የሚባል የተዘጋጀ ፕሮግራም አለ። ለአንድ አካውንት በዚህን ያህል ሴኮንድ ይህን ያህል ተቀባይ ብለህ በአንድ መስመር ሕግ ትጽፍለታለህ። ለምሳሌ መለያው ኤስኤኤስኤል ዩዘርኔም (ሠራተኛው የገባበት ስም)፣ ልኩ 100፣ ጊዜው 3600 ሴኮንድ።

እዚህ ላይ ሁለት ቀን የሚያስጠፋ ወጥመድ አለ፤ ልንገርህ። የተቀባዩ ድምር ለፖሊሲ አገልግሎቱ የሚደርሰው አድራሻዎቹ ሁሉ ተጠርተው ካለቁ በኋላ ነው። ገና እየተጠሩ ሳለ ብትጠይቅ ቁጥሩ ዜሮ ነው። ስለዚህ አገልግሎቱን ኤስኤምቲፒዲ ሪሲፒየንት ሪስትሪክሽንስ ውስጥ አታስገባው። ኤስኤምቲፒዲ ኤንድ ኦፍ ዳታ ሪስትሪክሽንስ ውስጥ አስገባው። በዚህ የተነሳ «ገደቡ አይሠራም» ብለው የተዉት ሰዎች አውቃለሁ።

ሌላው ወጥመድ መብራት ነው። ቆጣሪው የሚኖረው ሜሞሪ ውስጥ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ከዜሮ ይጀምራል። ፕሮግራሙ ቆጠራውን ወደ ፋይል እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል፤ እዘዘው። ለሰርቨሩም ዩፒኤስ ከሌለው ጠይቅ። ሥራ አስኪያጁ አሁን የሚሰሙህ ጊዜ ነው።

100 የሚለውን ቁጥር ግን ከእኔ አትውሰድ። ከራስህ ሎግ ውሰድ። የሦስት ወር ሎግ ካለህ በጣም ጥሩ። እያንዳንዱ አካውንት በሰዓት ለስንት ተቀባይ እንደላከ ደምር። ከላይ ያሉትን አስር ስሞች አውጣ። ማን እንደሆኑ ታውቃቸዋለህ፤ ሰው ኃይል፣ ግዥ፣ ሽያጭ፣ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ። በዓል ያለበት ወር መግባቱን አረጋግጥ። ዒድ ሲሆን፣ አረፋ ሲሆን፣ ገናና እንቁጣጣሽ ሲሆን የእኛ ድርጅቶች ለደንበኛ ሁሉ የመልካም ምኞት ይልካሉ። ወሎ ነው፤ ሁሉም በዓል ይከበራል። ተራ ወር ብቻ አይተህ ቁጥር ካወጣህ የዒድ ዋዜማ ላይ የጸሐፊዋን ደብዳቤ ትይዛለህ።

ደመወዝም አለ። የደመወዝ ወረቀት በኢሜይል የምትልኩ ከሆነ በወሩ መጨረሻ አንድ አካውንት 140 ደብዳቤ አንድ በአንድ ያወጣል። ልክ እንደ ሌባው ነው የሚመስለው። ለዚህ የተለየ አካውንት ክፈት። ገደቡን ከፍ አድርግለት፤ ግን ከፋይናንስ ክፍሉ ኮምፒውተር ብቻ እንዲገባ አድርግ። ሌላ ነገር አይላክበት። ለሁሉም ገደቡን ከማንሳት ለአንዱ በር መክፈት ይሻላል።

የያዝከውን ደብዳቤ ምን ታደርገዋለህ? ብዙ ሰው ይመልሰዋል። እኔ ማቆየትን እመርጣለሁ። ፖስትፊክስ ሆልድ የሚባል የማቆያ ወረፋ አለው። ከገደቡ ያለፈው ወደዚያ ይገባል። ላኪው እንደተላከ ነው የሚያስበው። ሌባ ከሆነ ለሰዓታት ባዶ ላይ ይደክማል። እውነተኛ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤው አልጠፋም። ወረፋውን ስታይ የታገዱት ከመለያ ቁጥራቸው ጎን የቃለ አጋኖ ምልክት አላቸው። አይተህ፣ ለሰውዬው ደውለህ፣ በፖስትሱፐር ትለቀዋለህ ወይም ትሰርዘዋለህ። ግን ይሄ የሚሠራው አንተ ካየኸው ብቻ ነው። ማቆያው ውስጥ የገባ ውል ሦስት ቀን ከተቀመጠ ከሌባው የባሰ ጉዳት ነው። በየአምስት ደቂቃው ማቆያውን የሚቆጥር ትንሽ ስክሪፕት ጻፍ። ከዜሮ ካለፈ በቴሌግራም ይንገርህ። በኢሜይል አይሁን፤ የታመመው እሱ ነውና።

አሁን ቀዳዳዎቹን እንይ። ገደብ አስቀምጠህ በጓሮ የሚወጣ ካለ ልፋትህ ከንቱ ነው።

ዌብሜይል፣ ማለትም በብራውዘር የሚከፈት ኢሜይል፣ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ራውንድኪዩብ፣ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገረው ከዚያው ማሽን ነው። በፖርት 25 ያለ ፓስዎርድ እያለፈ ከሆነ አካውንቱ አይታወቅም፤ በአካውንት የሚቆጥረውም አይቆጥረውም። በ587 በተጠቃሚው ፓስዎርድ እንዲገባ አድርገው። ራውንድኪዩብ የራሱም የተቀባይ ገደብ አለው፤ ማክስ ሪሲፒየንትስ ይባላል፣ ዲፎልቱ 0 ነው። እሱንም 50 አድርገው። ሠራተኛው ከሰርቨሩ የእንግሊዝኛ ኮድ ይልቅ ገጹ ላይ የተጻፈ መልእክት ቢያይ ይሻለዋል።

ማይኔትወርክስን ክፈትና እይ። የቢሮው ኔትወርክ በሙሉ እዚያ ተጽፎ ከሆነ ማንኛውም የተበከለ ኮምፒውተር ያለ ፓስዎርድ መላክ ይችላል። ፕሪንተሩ ስካን አድርጎ እንዲልክ ተብሎ የሚከፈት ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ለፕሪንተሩ አይፒ ብቻ ፍቀድ። ሰርቨሩና ድረ ገጻችሁ አንድ ማሽን ላይ ከሆኑ ደግሞ የድረ ገጹ ፎርም በሰንድሜይል ትእዛዝ የሚልከው በኤስኤምቲፒ በር አያልፍም። እስካሁን ያልኩህ ገደብ ሁሉ አይነካውም። ማን ይሄን ትእዛዝ መጠቀም እንደሚችል ፖስትፊክስ ላይ መወሰን ይቻላል፤ ወስን። ፋየርዎሉ ላይም ከሰርቨሩ በቀር ማንም ወደ ውጭ በፖርት 25 እንዳይወጣ ዝጋ። ይሄኛው አስር ደቂቃ አይፈጅም።

«ሁሉም ሠራተኛ» የሚለውን የጋራ አድራሻም አትርሳው። ከውጭ ሰው ሊልክበት ከቻለ አንድ ስፓም 140 ሆኖ ይራባል፤ ቆጣሪህ ግን አንድ ብቻ ነው የሚለው። ከውስጥ በፓስዎርድ ለገቡ፣ ይበልጥ ጥሩ የሚሆነው ለሁለት ሦስት ሰው ብቻ ክፈተው።

አሁን ደግሞ የሚመለሰው ደብዳቤ። ከሁሉ በፊት የተሰረቀው አካውንት ፓስዎርድ መቀየሩን አረጋግጥ። ከዚያ ፖስትፊክስን ዘግተህ አስነሳው። ፓስዎርድ ስለተቀየረ ብቻ የተከፈተ ግንኙነት አይቋረጥም፤ ሌባው እዚያው እንደገባ ሊቀጥል ይችላል። ወረፋው ውስጥ የቀረውን ስፓም ሰርዝ። ፖስትፊክስ ያልደረሰ ደብዳቤን በዲፎልት 5 ቀን ይሞክራልና ካልሰረዝከው አሁንም እየወጣ ነው። አካውንቱ ውስጥ ሌባው ያስቀመጠው የማስተላለፊያ ሕግ ካለም እይ፤ ወደ ሌላ አድራሻ ግልባጭ እያስላከ ሊሆን ይችላል።

ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ አይፒህ የት የት እንደተመዘገበ አጣራ። ብላክሊስት ከሚይዙት ውስጥ ስፓምሃውስ መጀመሪያ የምታየው ነው። ምክንያቱን ይነግርሃል፤ ይነሳልኝ ብለህ ታመለክታለህ። ክፍያ የለውም። ገንዘብ የጠየቀህ ካለ ስፓምሃውስ አይደለም። ቀዳዳውን ሳትደፍን አታመልክት። ተነስተህ በማግስቱ ተመልሰህ ከገባህ ሁለተኛው ጊዜ ይከብዳል።

ጂሜይል የሚቆጥረው ደግሞ በራሱ መንገድ ነው። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጂሜይል የሚልክ ሁሉ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም፣ ደብዳቤው የእውነት ከላኪው መሆኑን የሚያሳዩ ማረጋገጫዎች፣ ሊኖረው ይገባል። በቀን 5000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ሁለቱንም፣ ማረጋገጫው ሳይገኝ ምን ይደረግ የሚለውን ዲማርክንም ጨምሮ። ተቀባዮች «ስፓም ነው» የሚሉት 0.3 በመቶ መድረስ የለበትም። እናንተ 5000 አትደርሱም። ግን ሒሳቡን አስበው። በቀን 200 ደብዳቤ ለጂሜይል የሚልክ ድርጅት በአንድ ሌሊት ሺዎች ስፓም ከላከ፣ በጎግል ዓይን እሱ ስፓም የሚልክ ድርጅት ነው። ያ ስም ቀስ እያለ ነው የሚጠራው። ሦስቱንም አስተካክል። አይፒህ ሲጠየቅ የሚሰጠው ስም፣ ፒቲአር የሚባለው፣ ከሰርቨርህ ስም ጋር መግጠሙንም እይ። ካልገጠመ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁን ጠይቅ፤ እሱ በነሱ እጅ ነው።

ለሥራ አስኪያጁ የምታቀርበው ካስፈለገህ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለልህ። ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን ወንጀል አድርጎታል። የእናንተ የስርቆት ጉዳይ ነው፤ ያ ሌላ ነው። ግን የሽያጭ ክፍሉ አንድ ቀን «ዝርዝር ገዝተናል፣ ገደቡን አንሳልን» ብሎ ይመጣል። ያኔ ይሄን ታሳያቸዋለህ።

ለውጡን ዓርብ አታድርገው። ከጁምዓ በኋላ ግማሹ ሰው አይመለስም፤ ችግሩ ሰኞ ነው የሚሰማህ። ማክሰኞ ጠዋት አድርገው። ቀድመህ ግን ሞክረው። ስዋክስ የሚባል የትእዛዝ መሣሪያ አለ። በራስህ አካውንት ግባና አንድ ደብዳቤ ለ51 የሙከራ አድራሻ ላክ። 51ኛው ላይ 452 ማየት አለብህ። ይሄ ቀላሉ ሙከራ ነው። ቀጥሎ እንደ ሌባው ሁን። በየሴኮንዱ አንድ ደብዳቤ ለራስህ ሳጥን የሚልክ ሉፕ ጻፍ፤ ለአንድ ሰው ብቻ፣ አንድ በአንድ። 100 ይድረስ። 101ኛው ማቆያ ውስጥ ገብቶ፣ ከጎኑ የቃለ አጋኖ ምልክት ኖሮት፣ ቴሌግራምህ ከጮኸ ሠርቷል። ካልጮኸ ኤንድ ኦፍ ዳታ የሚለውን መስመር እንደገና እይ። ዘጠኝ ጊዜ ከአስሩ ስህተቱ እዚያ ነው።